የጌም ስክሪንሾት፦ ኮመንስ ላይ የትኛው ይጫናል? ባነር ላይስ የትኛው ይታተማል?

ላስታ ሰማይ (ላሊበላ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ሦስት ጥያቄ አለኝ፤ ሦስቱም የጌም ምስል ላይ ነው።

የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት በቪዲዮ ጌም እንዴት እንደተሳሉ የሚያሳይ የአማርኛ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሲቪላይዜሽን 6 ላይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል፣ ዳግማዊ ምኒልክ በሚመሩት አገር ውስጥ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን መሥራት ይቻላል። የዚያን ስክሪንሾት (ከስክሪን የተነሳ ምስል) ዊኪሚዲያ ኮመንስ (ዊኪፔዲያ የሚጠቀምበት የነጻ ምስሎች ማከማቻ) ላይ ልጭነው? ጌሙን ገዝቼዋለሁ፣ ምስሉንም ያነሳሁት ራሴ ነኝ።

ሁለተኛው የደሴ ልጆች ጥያቄ ነው። አንድ ጌም ቤት የኳስ ጌም ውድድር ሊያደርግ ነው፤ ለባነሩ ከጌሙ የተነሳ ምስል ፈልገዋል።

ሦስተኛው ለተማሪዎች የሚሆን ትንሽ የአንድሮይድ ጌም ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስና ላሊበላ ይኖሩበታል። ሥዕሎቹን ከየት ብናመጣ ኋላ ጣጣ አይኖረውም?

---

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

«ገዝቼዋለሁ፣ ያነሳሁትም ራሴ ነኝ» ካልከው ልጀምር፤ ብዙው ስህተት የሚበቅለው እዚያ ላይ ነው። ሰኞ ገበያ የገዛኸው ጋቢ ያንተ ነው፤ ትለብሰዋለህ፣ ትሸጠዋለህ፣ ለአማትህ ትሰጠዋለህ። ጌም ስትገዛ ግን የገዛኸው የመጫወት ፈቃድ ነው፤ በውስጡ ያሉት ሥዕሎች የሠሪው እንደሆኑ ይቀራሉ። ስክሪንሾት ማለት የእነዚያ ሥዕሎች ቅጂ ነው።

«እኔ ስጫወት ያመጣሁት ምስል ነው» የሚለው ክርክርም አዲስ አይደለም። ስተርን ኤሌክትሮኒክስ ካውፍማንን በከሰሰበት የስክራምብል ጌም ጉዳይ፣ ተጫዋቹ በየጊዜው የተለየ ነገር ስለሚያደርግ ምስሉ ቋሚ ሥራ አይደለም ተብሎ ተከራክረውበት ነበር። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 አልተቀበለውም። መርከቡ፣ መልክዓ ምድሩ፣ ድምፁና ቅደም ተከተሉ ማንም ይጫወተው ማን ተመልሶ ያው ነው አለ። በ1983 በሚድዌይና በአርቲክ መካከል የነበረው ክርክር ላይ ደግሞ ሌላ ፍርድ ቤት ተጫዋቹን የቴሌቪዥን ጣቢያ ከሚቀያይር ሰው ጋር አመሳስሎታል፤ ደራሲ አይደለም ማለቱ ነው።

በእኛም አገር ቢሆን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በአዋጅ 872/2007 የተሻሻለው) ሥዕልን፣ የኦዲዮቪዥዋል ሥራንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። የማይጠብቀው ሐሳብን ነው። ስለዚህ ያንተን ስክሪንሾት በሦስት ንብርብር እየው። ከዓለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ዕድሜው ብዙ መቶ ዓመት ስለሆነ የቅጂ መብት ጥያቄ የለበትም፤ ማንም ይሳለው። ኩባንያው አስልቶ የሠራው ሞዴል፣ ቀለሙና ብርሃኑ ግን የኩባንያው ነው። አንተ የተጫንከው ቁልፍ ደግሞ ምንም መብት አይወልድም። መሃለኛው ንብርብር ዝግ ስለሆነ ሙሉ ምስሉ ዝግ ነው።

ኮመንስ ላይ አይጫንም፤ አጭሩ መልስ ይህ ነው። ኮመንስ የሚቀበለው ማንም ሰው፣ ለንግድም ጭምር፣ እየቀየረ ሊጠቀምበት የተፈቀደለትን ብቻ ነው። «ለትምህርት ብቻ» ወይም «ያለ ትርፍ» የሚል ፈቃድ እዚያ በር ላይ ይቀራል። የአሜሪካውን የፍትሐዊ አጠቃቀም ሰበብም (በልኩ ከሆነ ያለ ፈቃድ መጠቀም ይቻላል የሚለውን) አይቀበሉም።

በራስህ ጽሑፍ ውስጥ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። አዋጁ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ለዓላማው በሚበቃ መጠን፣ በመልካም ልማድ፣ ምንጩና የባለቤቱ ስም ተጽፎ። ምስሉ የምትተነትነው ነገር መሆን አለበት። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አሳሳል አንድ አንቀጽ ጽፈህ ከአጠገቡ አንድ ምስል ብታደርግ ያስኬዳል። ለማሳመሪያ ብለህ ዐሥር ብትደረድር ግን ጥቅስ መሆኑ ይቀርና ዝርፊያ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ነጻ ላልሆነ ምስል የሚጠቀምበት ልክ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ጠቅላላ ፒክስሉ ከ100,000 ያልበለጠ። ባለ 1920 በ1080 ስክሪንሾት ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለው። ወደ 400 በ225 ብታወርደው 90,000 ይሆናል፤ ለማየት ይበቃል፣ አውርዶ ለመሸጥ አይመችም።

---

መርሳ መንገድ (ወልድያ)

ጋሼ ጦሳ፣ ይህ ሁሉ ሕግ እያለ ታዲያ ዩቲዩብ ላይ አገር ምድሩ ጌም እየቀረጸ የሚለቀው በማን ፈቃድ ነው? ኩባንያዎቹ ራሳቸው «ልቀቁ» ብለዋል እኮ። ኮመንስ ከባለቤቱ በላይ ምን ቤት ነው?

---

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ጥያቄህ ጥሩ ነው። «ልቀቁ» ያሉት እውነት ነው፤ ግን ያሉትን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ባወጣው መመሪያ ግለሰቦች ከጌሙ የተቀረጸ ቪዲዮና ምስል እንዲያጋሩ ፈቅዷል፤ የራሳቸውን ነገር እንዲጨምሩበትና ገቢ የሚያገኙትም እሱ በዘረዘራቸው መንገዶች ብቻ እንዲሆን ይፈልጋል። ማይክሮሶፍትም የጌም ይዘት አጠቃቀም ደንብ አለው፤ በመሠረቱ ለግል፣ ንግድ ላልሆነ ሥራ ነው፤ ቪዲዮ ላይ ለሚመጣ የማስታወቂያ ገቢ በር ከፍቷል።

እነዚህ «አልከስህም» የሚሉ ቃሎች ናቸው፤ ሲፈልጉ ያነሷቸዋል፣ ሲፈልጉ ይቀይሯቸዋል። ነጻ ፈቃድ ግን አይነሳም። ለምሳሌ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ በኋላ፣ ቅድመ ሁኔታውን እስካከበርክ ድረስ ባለቤቱ ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ በእጅህ ያለው ቅጂ ፈቃዱ ጸንቶ ይኖራል። አንዱ ጎረቤት «ግቢዬን አቋርጠህ እለፍ» ሲልህና ጎዳናው በካርታ ላይ የሕዝብ መንገድ ሲሆን አንድ አይደለም።

አማርኛችንም ያምታታናል። «በነጻ አወረድኩት» ስንል ገንዘብ አልከፈልኩም ማለታችን ነው። «ነጻ ፈቃድ» ግን ስለ ገንዘብ አይደለም፤ ልትገለብጠው፣ ልትቀይረው፣ ልትሸጠውም መብት አለህ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚሳሳተው።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ነጻ የሆኑትን ጌሞች በተመለከተ ልጨምር፣ ምክንያቱም ኮመንስ ላይ ያለ ችግር የሚጫን ስክሪንሾት ከእነሱ ይገኛል።

0 ኤ.ዲ. የጥንት ዘመን የጦርነት ጌም ነው፤ ኮዱ ጂፒኤል 2 (የነጻ ፕሮግራም ፈቃድ)፣ ሥዕሎቹ ሲሲ ባይ ኤስኤ 3.0 (ሠሪውን ጠቅሰህ፣ የቀየርከውንም በዚያው ፈቃድ እንድትለቅ የሚፈልግ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ) ናቸው። የኩሽ መንግሥት ስለገባበት ለእኛ አካባቢ ታሪክ ጽሑፍም ይቀርባል። ሱፐርታክስካርት የመኪና እሽቅድምድም ነው፤ ኮዱ ጂፒኤል 3 ሲሆን ሥዕሎቹ ግን የተለያየ ፈቃድ አላቸው፤ በየመንገዱና በየመኪናው ፎልደር ውስጥ የፈቃድ ፋይል ታገኛለህ። ሉዋንቲ (እስከ ጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ማይንቴስት ይባል የነበረው) አለ፣ ባትል ፎር ዌስኖዝ አለ፣ ዞኖቲክ አለ።

አሁን የሚበላሸው የት ነው? ኮዱ ክፍት የሆነ ጌም ሁሉ ሥዕሉም ክፍት ነው ብሎ ማሰብ ላይ። ዱም የተባለውን የተኩስ ጌም ውሰድ። ኢድ ሶፍትዌር ኮዱን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ለቀቀው፣ በ1999 ደግሞ ወደ ጂፒኤል አዞረው። ጭራቆቹ፣ ግድግዳዎቹና ደረጃዎቹ ያሉበት የዳታ ፋይል ግን እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ፍሪዱም የሚባለው ፕሮጀክት የተፈጠረውም ያንን ለመሙላት ነው፤ ሥዕሉን ከባዶ ሠርተው በነጻ ፈቃድ ለቀቁት። የአንድ ሞተር (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) ሁለት ስክሪንሾት፣ አንዱ ይጫናል፣ አንዱ ይሰረዛል።

ኦፕንቲቲዲ የተባለው የትራንስፖርት ጌም ላይ ደግሞ ይብሳል፤ በዓይን አይለይማ። ፕሮግራሙ ሲጫን ኦፕንጂኤፍኤክስ የተባለውን ነጻ የሥዕል ስብስብ ይዞ ሊሠራ ይችላል፤ የ1995ቱን (እ.ኤ.አ.) የትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስ ዳታ ያለው ሰውም በዚያኛው ሊጫወት ይችላል። ስለዚህ ስክሪንሾት ከማንሳትህ በፊት ጌም ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ መሠረታዊ የሥዕል ስብስቡ የትኛው እንደተመረጠ እይ፤ ስሙንም በምስሉ መግለጫ ጻፍ። ያ አንድ መስመር ካልተጻፈ የኮመንስ ገምጋሚው የትኛው እንደሆነ ማወቂያ የለውም።

ሉዋንቲ ላይ ወጥመዱ ሞድ (ሰዎች ለጌሙ የሚሠሩት ተጨማሪ) እና የቴክስቸር (የገጽታ ሥዕል) ጥቅል ነው። ኮንቴንትዲቢ የተባለው ገጻቸው ለእያንዳንዱ ጥቅል የኮድ ፈቃድና የሚዲያ ፈቃድ ለየብቻ ያሳያል። አንተን የሚመለከትህ የሚዲያው ነው። ስድስት ሞድ ከጫንክ ስድስቱንም ማየት አለብህ፤ ስንፍና ከያዘህ ሞድ ሳትጭን አንሳ።

አነሳሱ፦ ሉዋንቲ ላይ ኤፍ12፣ 0 ኤ.ዲ. ላይ ኤፍ2፣ ኦፕንቲቲዲ ላይ ኮንትሮልና ኤስ። ጌሙ ራሱ በሚያስቀምጠው አንሳ። በዊንዶውስ ማንሻ ሙሉ ስክሪኑን ካነሳህ የዴስክቶፕ ሥዕልህ፣ የሌሎች ፕሮግራሞች ምልክት፣ ቻትህም አብሮ ይገባል፤ የእነሱ መብት ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ፒኤንጂ አድርገህ አስቀምጥ፤ ጄፔግ በጽሑፍና በቀጭን መስመር ዙሪያ ጭጋግ ይፈጥራል፣ ኋላ ወደ ፒኤንጂ ብትቀይረውም አይጠራም። ኦንላይን ስትጫወት የተነሳ ከሆነ የሰዎች ቅጽል ስም እንዳይታይ አድርግ።

---

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ቦርከና ከጨረሰበት የአጫጫኑን ልቀጥል። ኮመንስ ላይ ፋይሎችን እገመግማለሁ፤ የሚሰረዙት በሁለት በሦስት ምክንያት ነው።

መጫኛው «ይህ የራሴ ሥራ ነው» ወይስ «የሌላ ሰው ሥራ ነው» ብሎ ይጠይቃል። የጌም ስክሪንሾት፣ ነጻ ጌምም ቢሆን፣ የራስህ ሥራ አይደለም። ሁለተኛውን ምረጥ። ደራሲ በሚለው ቦታ የጌሙን ሠሪዎች ጻፍ፤ ለ0 ኤ.ዲ. ዋይልድፋየር ጌምስ። ምንጭ በሚለው ቦታ «ኢንተርኔት» ወይም «ጎግል» ብሎ መጻፍ ባዶ ከመተው አይሻልም። የጌሙን ስምና የስሪት ቁጥር ጻፍ፣ ፈቃዱ የተጻፈበትን ገጽ አድራሻም ለጥፍ። ለነጻ ሶፍትዌር ስክሪንሾት የተዘጋጀ የፈቃድ ሳጥን አለ፤ በውስጡ ትክክለኛውን ፈቃድ ከነቁጥሩ ታስገባለህ። 3.0 የሆነውን 4.0 ብለህ አትጻፍ፤ የሌለህን ፈቃድ ሰጠህ ማለት ነው።

ዝግ ጌም ሆኖ ኩባንያው አንድ ምስል ሊለቅ ከተስማማ መንገድ አለው። ደብዳቤው ለኮመንስ የፈቃድ ቡድን (ቪአርቲ ይሉታል፤ ድሮ ኦቲአርኤስ ነበር) በኢሜይል ይላካል። ዋጋ የሚኖረው እነዚህ ሲሟሉ ነው፤ ላኪው የመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ሲሆን፣ ኢሜይሉ ከኩባንያው የራሱ አድራሻ ሲወጣ፣ ፋይሉ በስም ተለይቶ ሲጠቀስ፣ ፈቃዱ ከነቁጥሩ ሲጻፍ (ለምሳሌ ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0)፣ ማንም ለንግድም እየቀየረም ሊጠቀምበት እንደሚችል ባለመብቱ መረዳቱን ራሱ ሲገልጽ። «ዊኪፔዲያ እንዲጠቀምበት ፈቅደናል» የሚል ደብዳቤ ውድቅ ነው፤ ከሚመጡት መካከል ብዙው ግን እንዲህ ነው። በቴሌግራም የተጻፈ «እሺ» ደግሞ ከደብዳቤ አይቆጠርም። ፋይሉ ፈቃድ የለውም የሚል ምልክት ከተለጠፈበት 7 ቀን ይጠበቅና ይሰረዛል። ቢሰረዝም አትደንግጥ፤ ደብዳቤው ኋላ ሲደርስ ይመለሳል።

ትልልቅ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ አይመልሱም። ትንንሽ ሠሪዎች ግን ይመልሳሉ፤ በተለይ አንድ ምስል ብቻ ከጠየቅሃቸው። «የጌማችሁን ሥዕል ሁሉ» ብለህ አትጠይቅ፤ አንድ ሥዕል መርጠህ አያይዘህ ላክላቸው።

---

መርሳ መንገድ (ወልድያ)

እሺ፣ የኩባንያውን ነገር ተቀበልኩ። ግን ፍሊከር ላይ ሲሲ ባይ ተብሎ የተለጠፈ የጌም ስክሪንሾት ሞልቷል። ጎግልም የአጠቃቀም መብት የሚለውን ስታጣራ ያወጣልሃል። ያ አይሠራም?

---

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

አይሠራም። የለጠፈው ሰው የሌለውን መብት ሊሰጥህ አይችልም። የጎግል ማጣሪያም ገጹ ላይ የተጻፈውን ነው የሚያነበው፤ እውነት ይሁን አይሁን አያረጋግጥም። ገጹን ከፍተህ «ይህን የለጠፈው ሰው ሥዕሉን የሠራው ነው ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ሠሪው ካልሆነ እለፈው። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አሳድጌዋለሁ፣ ቀለሙን ቀይሬዋለሁ የሚለውም ያው ነው፤ ከሌላ ሥራ የወጣ ሥራ የመጀመሪያውን ባለቤት ፈቃድ ይፈልጋል።

የቆየ ጌም ነው ማለትም አያዋጣም። በአሜሪካ ሕግ በኩባንያ ስም የተሠራ ሥራ ከታተመበት 95 ዓመት ይጠበቃል፤ የ1980ው ፓክማን እስከ 2075 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ማለት ነው። ቅርጹ ቀላል ነው፣ አራት ማዕዘንና ክብ ብቻ ነው ማለትም አስተማማኝ አይደለም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ብሬክአውት የተባለውን ጌም በዚህ ምክንያት አልመዘግብም ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምክንያትህ አይበቃም ብሎ መልሶበታል።

---

ባነር ሙጋድ (ደሴ)

የባነሩን እኔ ልመልስ። ከኳስ ጌም የተነሳ ምስል ላይ የአንድ ሳይሆን የብዙ ሰው መብት ተደራርቧል፤ የጌሙ ሠሪ፣ የክለቡ አርማ፣ የማሊያ አምራቹ ምልክት፣ የተጫዋቹ መልክ። ለግድግዳ ማስታወቂያ ደግሞ «ጥቅስ ነው» አይባልም፤ ንግድ ነው።

መብቱን ትተን በኅትመት ብቻ ብናየውም አያምርም። 1920 ፒክስል ስፋት ያለው ስክሪንሾት በ3 ሜትር ባነር ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 16 ፒክስል ገደማ ነው የሚደርሰው። ከመንገድ ማዶ እንኳ ሰቅ ሰቁ ይታያል። ባነር በኢንች ቢያንስ 70 ፒክስል እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ጥሩ የሚሆነው። በባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ (6000 በ4000) የራሳችሁን ፎቶ አንሱ፤ በ2 ሜትር ስፋት 76 ይደርሳል።

ምን ይነሳ? ጆይስቲክ የያዘ እጅ፣ የጆይስቲክ ቅርበት፣ የተደረደሩ ወንበሮች። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ ወይም ብርሃኑ ብቻ ፊት ላይ ይውደቅ፤ ስክሪኑ ላይ ጌሙ ከታየ ተመልሰን እዚያው ነን። የዲስኩ ሽፋንም ሥዕል ነው፣ አይግባ። ፊቱ የሚታይ ልጅ ካለ ፈቃዱን፣ ሕፃን ከሆነ የወላጁን ፈቃድ ጠይቁ።

የጌሙን ስም በጽሑፍ መጻፍ ይቻላል፤ በምን እንደምትወዳደሩ መግለጽ ነው። አርማውን መለጠፍ፣ ወይም ኩባንያው ስፖንሰር የሆነ ማስመሰል አይቻልም። በነገራችን ላይ «ፊፋ 26» ብላችሁ አታሳትሙ፤ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የፊፋን ስም መጠቀም ካቆመ ቆይቷል፣ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ነው። የኮናሚ ኩባንያ የኳስ ጌምም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢፉትቦል ሆኗል። ሰው ሁሉ በአፉ ፊፋ ይበለው፤ ባነር ላይ ግን ትክክለኛውን ስም ጻፉ።

---

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

በባነር ሙጋድ ላይ አንድ ልጨምር፦ የማሽኑን ፎቶ ራሳችሁ ለማንሳት ካልተመቻችሁ፣ ኢቫን አሞስ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ የጌም ኮንሶሎችን (ማጫወቻ ማሽኖችን) በነጭ ዳራ አንስቶ ኮመንስ ላይ ለሕዝብ ለቋቸዋል። ዊኪፔዲያ ላይ የምታዩት የአሮጌ ኮንሶል ፎቶ ብዙው የሱ ነው። የመሣሪያው ቅርጽ መገልገያ ስለሆነ በሥዕል መብት አይያዝም፤ ስለዚህ ነው ኮንሶሉ ሲፈቀድ የዲስክ ሽፋኑ የሚከለከለው። የኩባንያ ስምና አርማ ግን የንግድ ምልክት ነው፤ ባነሩ ላይ ኮንሶሉ ስፖንሰር መስሎ እንዳይታይ አድርጉ።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አንድሮይድ ጌሙ። ወንድሜ ላስታ፣ ይህ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንዴ ከተለቀቀ በኋላ መንቀል ከባድ ነውና።

ለጀማሪ ሲሲ ዜሮ (ባለቤቱ መብቱን ሁሉ የተወበት) የሆነውን እመክራለሁ። ኬኒ የተባለው ገጽ ላይ ያሉት የሥዕል ስብስቦች ሲሲ ዜሮ ናቸው፤ ሣር፣ ዛፍ፣ ቁልፍ፣ ገጸ ባሕርይ ሁሉ አላቸው። ለድንጋይና ለአፈር ቴክስቸር ፖሊ ሄቨን የተባለ ገጽ አለ፣ እሱም ሲሲ ዜሮ። ግሊች የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2012 ከተዘጋ በኋላ ሠሪው ኩባንያ ታይኒ ስፔክ በ2013 ሥዕሎቹን በብዛት በሲሲ ዜሮ ለቋቸዋል።

ኦፕንጌምአርት የተባለው የጌም ሥዕል ገጽ ሰፊ ነው፤ ግን በአንድ ገጽ ላይ የተለያየ ፈቃድ ይደባለቃል። ሲሲ ባይ ኤስኤ ከያዝክ ያሻሻልከውን ሥዕል በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለብህ። ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0 ወደ ጂፒኤል 3 ሊገባ ይችላል፣ 3.0 ግን አይችልም፤ አንድ ቁጥር ብዙ ነገር ይለውጣል። ሲሲ ፈቃዶች ሥራውን ተቀባዩ መብቱን እንዳይጠቀም በሚያግድ ቴክኒካዊ ቁልፍ እንዳትዘጋው ይከለክላሉ፤ የሞባይል ገበያዎች ላይ ይህ ጥያቄ ያስነሳል። ኦጂኤ ባይ የሚባለው ፈቃድ የተጻፈው ያንን ክልከላ ለማንሳት ነው፤ ሁለቱም ምርጫ ካለ እሱን ውሰድ። ኤንሲ (ለንግድ አይሆንም ማለት ነው) የሚል ካየህ ተወው፤ አንድ ቀን ማስታወቂያ ብታስገባ ጣጣ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምንጭ ሠንጠረዥ ያዝ። ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር፦ የፋይሉ ስም፣ የሥራው ርዕስ፣ ሠሪው፣ ገጹ፣ ፈቃዱ ከነቁጥሩ፣ ያወረድክበት ቀን፣ ምን እንደቀየርክ። የገጹን ስክሪንሾትም አስቀምጥ፤ ገጾች ይጠፋሉ። በመጨረሻ ቀን 200 ፋይል ከየት እንደመጣ ለማስታወስ የሞከረ ይፍረድ።

ለፎቶ ቴክስቸር፦ የላሊበላን ግድግዳ ራስህ ካነሳኸው ያንተ ነው፤ ሕንፃው ጥንታዊ ነው። ሰው ያነሳውን ፎቶ ግን የፎቶ አንሺው መብት ይዞታል። በአዋጃችን የፎቶ ጥበቃ ከተነሳበት 25 ዓመት ነው፤ የሌላው ሥራ የደራሲው ዕድሜና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ነው። ውስጥ ያለ ሥዕል ጥንታዊ ከሆነ እሰየው፤ በዘመናችን ሠዓሊ የተሣለ ከሆነ ሠዓሊውን ጠይቅ። አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከለው መጠለያም የዘመናችን ንድፍ ስለሆነ ከፍሬሙ ብታወጣው ይሻላል፤ ለጌም ደግሞ አያምርም። ከመብቱ ውጭ የቦታው ደንብ አለ፤ ውስጥ ፎቶ ለማንሳትም ድሮን ለማብረርም ለየብቻው ፈቃድ ጠይቅ።

ፊደሉንም አትርሳ። ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ የማይክሮሶፍት ፊደል ነው፤ ኮምፒውተርህ ላይ ስላለ ጌም ውስጥ ከትተህ ማሰራጨት አትችልም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ ኦኤፍኤል በሚባለው ነጻ የፊደል ፈቃድ ተለቅቀዋል፤ ከጌም ጋር ታሽገዋለህ፣ ጌሙንም ትሸጠዋለህ፤ ፊደሉን ብቻውን መሸጥ ነው የተከለከለው። የፈቃዱን ጽሑፍ ከጌሙ ጋር ጨምር።

---

መርሳ መንገድ (ወልድያ)

ገበጣን ወደ ጌም መቀየር የሚፈልጉ ልጆች አሉ። ገበጣ የማን ነው ሊባል ነው?

---

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

የማንም አይደለም። የጨዋታ ሕግ ሐሳብ ነው፤ ጠጠር በየጉድጓዱ መዝራትን ማንም አይይዘውም። ሌላ ሰው የሠራው የገበጣ ጌም ውስጥ ያለው የሰሌዳ ሥዕል፣ ድምፅና ጽሑፍ ግን የሠሪው ነው። አንዱን እንጨት ገበጣ በመስኮት ብርሃን አንሱና ራሳችሁ ሣሉት፤ ከመገልበጥ ይቀላል። ሠዓሊ ከቀጠራችሁ ደግሞ የሥዕሉ መብት ለማን እንደሚሆን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይሁን፤ «ገንዘብ ከፍያለሁ» ብቻውን አያወጣችሁም።

---

ላስታ ሰማይ (ላሊበላ)

እግዜር ይስጥልኝ። የሲቪላይዜሽኑን በ400 በ225 ጽሑፉ ውስጥ ብቻ አደርጋለሁ፣ ኮመንስ ላይ አልጭንም። ለማነጻጸሪያ ከ0 ኤ.ዲ. የኩሽ ቤተ መቅደስ ልጨምር ነው። ለሱ መግለጫ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ምስል፦ ከ0 ኤ.ዲ. የተወሰደ፣ ክሪኤቲቭ ኮመንስ።» ይበቃል?

---

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

አይበቃም። «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» ድርጅት ነው፣ ፈቃዱ ስድስት ዓይነት አለው፣ ሲሲ ዜሮ ሲጨመርበት ሰባት። እንዲህ አድርገው፦

«በ0 ኤ.ዲ. ጌም ውስጥ የኩሽ ቤተ መቅደስ። ሠሪ፦ ዋይልድፋየር ጌምስ። ፈቃድ፦ ሲሲ ባይ ኤስኤ 3.0። ጠርዙ ተቆርጧል።»

ስሙ ላይ የጌሙን ገጽ፣ ፈቃዱ ላይ የፈቃዱን ገጽ ሊንክ አድርግ። ካልቆረጥከው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውጣት።

---

ላስታ ሰማይ (ላሊበላ)

ቆርጬዋለሁ። ከላይ የተጫዋች ስም ነበረበት።

---

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

እንግዲያው ትቀመጥ። የጌሙን የስሪት ቁጥርም ጨምርበት፤ ሥዕሎቹ በየስሪቱ ይቀየራሉ።